ወደፊት ቱርቦ ለሚገጠምለት መኪና የአየር ማስገቢያ ዕቃ አመራረጥ

«ከጊዜ በኋላ ቱርቦ ላስገጥም አስቤያለሁ፤ እስከዚያው የትኛውን ኢንቴክ (የአየር ማስገቢያ ዕቃ) ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የሚያብረቀርቅ ቱቦና ክፍት ፊልትሮ በዓይናቸው መርጠው ከጨረሱ በኋላ ነው የሚያማክሩኝ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ገና ገንዘቡን ላላወጣ ሰው ነው።

ቱርቦ አየሩን አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መጭመቂያ ነው፤ ሲገጠም የአየሩ መንገድ ለሁለት ይከፈላል። ከፊልትሮው እስከ ቱርቦው ያለው የመምጠጫ ወገን ነው፤ ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለው ደግሞ የግፊት ወገን ነው። ዛሬ የሚገዙት ዕቃ ነገ በየትኛው ወገን እንደሚውል ሳያውቁ ከገዙት፣ ቱርቦው በሚመጣበት ቀን ወርዶ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህንኑ ለመለየት የሚያግዙ ናቸው።

ለስሌት ምሳሌነት በያሪስና በአንዳንድ ኮሮላዎች ላይ የሚገኘውን የቶዮታ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር እጠቀማለሁ። ይዘቱ 1,497 ሲሲ፣ የኮምፕሬሽን ምጥጥኑ (ፒስተኑ አየሩን የሚያጭቅበት መጠን) 10.5 ለ 1 ነው። የእርስዎ ሞተር ሌላ ከሆነ ቁጥሮቹን ብቻ ይተኩ፤ አካሄዱ አይለወጥም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

– ወረቀትና እርሳስ፣ እንዲሁም የቱቦዎችን የውስጥ ስፋት ለመለካት ካሊፐር
– ቢያንስ አምስት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ
– ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ጣውላና ማሰሪያ ሽቦ
– በቀላሉ የማይጨማደድ፣ ክዳኑ አየር የማያስገባ ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ
– ጥቂት ቀለም የተጨመረበት ውሃ
– የሞተሩን መረጃ በቀጥታ የሚያሳይ የኦቢዲ ስካነር
– ካቻቢቴ፣ ቁልፎች፣ ተለዋጭ ፋሼታዎች (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበቶች)

ደረጃ 1፦ የአየሩን መንገድ በወረቀት ላይ ይሣሉ

ኮፈኑን ይክፈቱና አየሩ ከሚገባበት አፍ ጀምረው እስከ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ድረስ ያለውን ሁሉ በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ መግቢያው አፍ፣ የፊልትሮው ሣጥን፣ ማፍ ሴንሰሩ (የአየሩን ፍሰት የሚለካው)፣ ወደ ትሮትል የሚሄደው ቱቦ፣ ትሮትሉ (ነዳጅ ሲረግጡ የሚከፈተው የአየር በር)፣ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው)። ከዚያ በማፍ ሴንሰሩና በትሮትሉ መካከል ቱርቦውንና ኢንተርኩለሩን (የታጨቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) ጨምረው ሥዕሉን እንደገና ይሣሉ።

ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲያዩአቸው ፊልትሮው፣ ትሮትሉና ማኒፎልዱ በነበሩበት ይቆያሉ፤ ከፊልትሮው ወደ ትሮትሉ በቀጥታ የሚሄደው ቱቦ ግን ቱርቦው መካከሉ ስለሚገባ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ተገጣጥሞ በሚሸጥ ኢንቴክ ውስጥ ከፍተኛውን ዋጋ የሚይዘው ደግሞ ይኸው የሚወጣው ቱቦ ነው። ይህን ሥዕል ሳይሠሩ ዕቃ ለመግዛት ወደ ሶማሌ ተራ አይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ሞተሩ አየሩን በምን እንደሚለካ አስቀድመው ይወስኑ

የሞተሩ ኮምፒውተር የሚረጨውን ቤንዚን የሚወስነው ወይ በማፍ ሴንሰር የአየሩን ፍሰት ለክቶ፣ ወይ በማፕ ሴንሰር የማኒፎልዱን ግፊት ለክቶ ነው። ቱርቦው ከተገጠመ በኋላ በየትኛው እንደሚሠሩ ዛሬ ካልወሰኑ፣ የሚገዙት ቱቦ የማፍ ሴንሰር ማስቀመጫ ያስፈልገው እንደሆነና እንዳልሆነ ሊያውቁ አይችሉም።

በማፍ ለመቀጠል ከወሰኑ ሴንሰሩ ከቱርቦው በፊት፣ በመምጠጫው ወገን ይቆያል። በዚህ ጊዜ የግፊት መልቀቂያው ቫልቭ (ነዳጁን ሲለቁ የተጠራቀመውን ግፊት የሚያስወጣው) አየሩን ወደ ውጭ የሚተፋ ሳይሆን ተመልሶ ወደ መምጠጫው ቱቦ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ያ አየር አስቀድሞ ተቆጥሯል፣ ውጭ ከተጣለ ሞተሩ ለሌለ አየር ቤንዚን ይረጫል። ስለዚህ የሚገዙት የመምጠጫ ቱቦ ለዚህ መመለሻ የሚሆን ተጨማሪ አፍ ይኑረው።

በማፕ ለመሥራት ከወሰኑ ግን ፋብሪካው የገጠመው ማፕ ሴንሰር በአብዛኛው ከከባቢ አየር ግፊት ብዙም ከፍ ያለ አይለካም። እስከ 250 ወይም 300 ኪሎ ፓስካል የሚለካ ሴንሰርና እሱን የሚያነብ ኮምፒውተር ማዘጋጀት ይጠበቅብዎታል። የአየሩን ሙቀት የሚለካው ሴንሰርም ከኢንተርኩለሩ በኋላ ይቀመጣል፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ይህ ሴንሰር ከማፉ ጋር አንድ ላይ የተሠራ በመሆኑ ለብቻው የሚቆም ሌላ መግዛት ያስፈልጋል።

ደረጃ 3፦ አሁን ያለው ኢንቴክ ምን ያህል እንደሚያንቅ በውሃ ይለኩ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያድነው ይህ ነው እላለሁ። የፋብሪካው ሣጥን በቂ ከሆነ ሌላ ፊልትሮ መግዛት አያስፈልግም፤ በቂ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ በመለካት ብቻ ነው።

ግልጹን ቱቦ በጣውላው ላይ ወደ ታች አውርደው መልሰው ወደ ላይ በማውጣት በሽቦ ይሰሩት፤ ሁለቱ እግሮች ቢያንስ አንድ ሜትር ይርዘሙ። እስከ ግማሽ ቁመታቸው ድረስ ባለቀለሙን ውሃ ይሙሉ። አንደኛውን ጫፍ ክፍት ይተዉት። ሌላኛውን ጫፍ በወፍራሙ የፕላስቲክ ዕቃ ክዳን ያስገቡ፤ ከዚያው ክዳን ሁለተኛ ቱቦ አውጥተው ወደ ኢንቴክ ይውሰዱ። ሁለቱም ቱቦዎች በዕቃው ውስጥ ከላይ በኩል ይቅሩ፤ ውሃው ድንገት ቢሳብ ወደ ሞተሩ ከመድረሱ በፊት እዚህ ዕቃ ውስጥ ወድቆ ይቀራል።

ለማገናኛው በማፍ ሴንሰሩና በትሮትሉ መካከል ባለው ቱቦ ላይ አንድ ትንሽ ቀዳዳ በቂ ነው። ቱቦውን ከመኪናው ሳያወጡ አይብሱት፤ ሲበሱት የሚወጣው ፍቅፋቂ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባል። ልኬቱ ሲያልቅ ቀዳዳውን አየር በማያስገባ ሁኔታ ይድፈኑት።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን መለኪያ ከትሮትሉ በኋላ፣ ማለትም በማኒፎልዱ ላይ በፍጹም አያገናኙ። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ በዚያ ቦታ ያለው ቫኪዩም ብዙ ሜትር ውሃ የሚስብ ነው፤ ውሃ ደግሞ አይጨመቅም፣ ወደ ሲሊንደር ከገባ ፒስተኑን የያዘውን ክንድ ያጣምማል።

አሁን ሌላ ሰው ጎንዎ ተቀምጦ ጣውላውን ቀጥ አድርጎ ይያዝና በስልኩ ይቅረጽ። ነጻ በሆነ መንገድ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጠው ሞተሩን እስከ 6,000 ዙር ገደማ ይውሰዱት። በኋላ ቪዲዮውን አቁመው በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን የውሃ ከፍታ ልዩነት ያንብቡ። 10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት 1 ኪሎ ፓስካል ገደማ ማለት ነው።

ንባቡን ሲተረጉሙ የወደፊቱን ፍሰት ያስቡ። በአንድ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው አየር በ1.4 ሲባዛ በመንገድ የሚጠፋው ግፊት በ2 ገደማ ይባዛል፤ ዛሬ 10 ሴንቲ ሜትር ያነበቡ ሰው ከቱርቦ በኋላ 20 ያነባሉ ማለት ነው። እኔ የምከተለው ልክ የሚከተለው ነው። ንባቡ ከ12 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የፋብሪካውን ሣጥን ለቱርቦውም ይጠቀሙበት። ከ12 እስከ 25 ከሆነ በመጀመሪያ ከፊልትሮው በፊት ያለውን መግቢያ አፍ ይመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያንቀው እሱ ነው፣ ሣጥኑን ሳይነኩ አፉን ብቻ ማስፋት ይቻላል። ከ25 በላይ ከሆነ፣ ያረጀውን ፊልትሮ በአዲስ ተክተው እንደገና ለክተውም ካልቀነሰ፣ ያኔ ሌላ ኢንቴክ መፈለግ ተገቢ ነው።

ደረጃ 4፦ የሚኖሩበትን ከፍታ በስሌቱ ውስጥ ያስገቡ

በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ግን 76 አካባቢ ነው። የምሳሌ ሞተራችን ያለ ቱርቦ በ6,000 ዙር በባሕር ወለል በሰከንድ 76 ግራም ገደማ አየር የሚወስድ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚወስደው 57 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ላይ 40 ኪሎ ፓስካል ግፊት ቢጨምሩና አየሩ ከኢንተርኩለር በ40 ዲግሪ ቢወጣ ፍሰቱ 82 ግራም አካባቢ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር አዲስ አበባ ላይ መጠነኛ ቱርቦ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው ከፍታው የወሰደብንን አየር ማስመለስ ነው። ስለዚህ ለ1.5 ሊትር ሞተር የትልቅ ሞተር ፊልትሮና ቱቦ መግዛት ትርፍ ወጪ ነው።

ቱርቦው የሚደክመው ግን በግፊቱ ንጽጽር ነው። ማኒፎልዱ ውስጥ በድምሩ 141 ኪሎ ፓስካል ለማግኘት በባሕር ወለል ያለ ቱርቦ አየሩን 1.4 ጊዜ ብቻ ያጭቀዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ያለው ግን 1.86 ጊዜ ማጨቅ አለበት። በመምጠጫው ወገን የጠፋ እያንዳንዱ ኪሎ ፓስካልም በዚሁ ቁጥር ተባዝቶ በግፊቱ ወገን ይጎድላል። የመምጠጫው ወገን ሰፊና ቀጥ ያለ እንዲሆን አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንባቢዎች በ76 ፈንታ 101ን ይጠቀሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ የቱርቦው ግፊት መቆጣጠሪያ የሚሠራው ከአካባቢው አየር በላይ ባለው ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ በ40 ኪሎ ፓስካል የተስተካከለ ሞተር ድምሩ 116 ነው፤ ያው መኪና 88 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ወዳለበት ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ድምሩ 128 ይሆናል። ኮምፕሬሽኑ 10.5 በሆነ ሞተር ላይ ይህ ልዩነት ሞተሩን ለማንኳኳት (ቤንዚኑ ያለጊዜው ለሚቀጣጠልበት ሁኔታ) ሊያበቃው ይችላል፤ የሚያስተካክልልዎት ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ይወቀው።

ደረጃ 5፦ ፊልትሮውንና የሚቀመጥበትን ቦታ ይምረጡ

የቱርቦው መጭመቂያ ጎማ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ በዚያ ፍጥነት ላይ ጥቃቅን አሸዋ እንኳ የክንፎቹን ጠርዝ ይበላል። ስለዚህ አየር በብዛት ከሚያሳልፍ ፊልትሮ ይልቅ አቧራ በደንብ የሚይዘውን ያስቀድሙ። ኮረት መንገድ ላይ የሚነዱ ከሆነ በሣጥን ውስጥ ያለ ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ከክፍት ፊልትሮ ይሻላል።

በዘይት የሚረጥብ የጥጥ ፊልትሮ ከመረጡ ካጠቡት በኋላ የሚቀቡትን ዘይት ይቆጥቡ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ «ይበልጥ ይያዝ» ብዬ አብዝቼ ቀብቼ፣ ሳምንት ሳይሞላ የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። ማፉን አውጥቼ ሳየው ከፀጉር የቀጠነው ሽቦ ቡናማ ሆኖ አቧራ ለብሷል። በማፍ ማጽጃ ስፕሬይ ታጥቦ ዳነ፤ በጨርቅ ወይም በጥርስ ብሩሽ ቢነካ ኖሮ ይበጠስ ነበር።

ቦታውን በተመለከተ፣ ከራዲያተሩ ጀርባ የተጋለጠ ፊልትሮ የሚስበው የሞተሩን ሙቀት ነው፤ ቱርቦው ሲገጠም ደግሞ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይታከልበታል። ከፓራፋንጎው ውስጥ ወይም ከፊት መብራቱ ኋላ ቀዝቃዛ አየር የሚያገኝበትን ስፍራ ይፈልጉ፤ ነገር ግን እስከ ፓራውልቱ ግርጌ አያውርዱት። በክረምት መንገዱ ሲጥለቀለቅ ዝቅ ያለ ፊልትሮ ውሃ ይጠጣል፤ ውጤቱም በደረጃ 3 የተናገርኩት ዓይነት ጉዳት ነው።

ደረጃ 6፦ የቱቦውን ስፋትና ዓይነት ይወስኑ

በግፊት ወገን ለ1.5 እስከ 1.8 ሊትር ሞተር ከ57 እስከ 63 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ይበቃል። በምሳሌያችን ፍሰት በ63 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ የአየሩ ፍጥነት በሰከንድ 30 ሜትር እንኳ ስለማይደርስ፣ ከዚህ በላይ ማስፋት የሚሞላውን ቦታ አብዝቶ ቱርቦውን ያዘገየዋል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። በመምጠጫ ወገን ያለው ቱቦ ከቱርቦው አፍ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ሰፋ ያለ ይሁን፤ ቱርቦው ገና ካልተመረጠ ይህን ቱቦ መግዛቱን ያቆዩት።

የመምጠጫው ቱቦ ስስ ሲሊኮን ከሆነ ቱርቦው ሲስብ ግድግዳዎቹ ተጣብቀው አየሩን ይዘጉታል፤ መኪናው ቆሞ ሲያዩት ግን ደህና ስለሚመስል ችግሩ ለወራት ሊያደናግር ይችላል። ውስጡ የብረት ጥምዝ ሽቦ ያለው ቱቦ ወይም ጠንካራ የአሉሚኒየም ቱቦ ይጠቀሙ። በግፊት ወገን ደግሞ ባለ አራት ድርብ ሲሊኮንና በቡሎን የሚጠብቅ ፋሼታ ያስፈልጋል፤ የአሉሚኒየሙ ጫፍ ዙሪያውን እብጠት ያለው ይሁን፣ ልሙጥ ከሆነ ግፊቱ ቱቦውን ነቅሎ ይጥለዋል። እብጠቱን ቶርኖ ቤት ወይም አርጎን በያጅ በቀላሉ ይሠራዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለውሃ መስመር የሚሸጠውን የፒቪሲ ቱቦ በግፊት ወገን አይጠቀሙ። አየሩ በ25 ዲግሪ ገብቶ 1.86 ጊዜ ሲጨቅ ከቱርቦው የሚወጣው ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ ነው፤ ፒቪሲ ከዚያ በፊት ይለሰልሳል።

ደረጃ 7፦ የማፍ ሴንሰሩን ማስቀመጫ ስፋት አይለውጡ

ማፍ የሚለካው በአጠገቡ የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው፤ ጠቅላላውን ፍሰት ኮምፒውተሩ የሚገምተው የቱቦው ስፋት ፋብሪካው የሠራው ነው ብሎ ነው። 60 ሚሊ ሜትር የነበረውን ማስቀመጫ በ70 ቢተኩት የቱቦው ስፋት ስለሚጨምር አየሩ ዝግ ይላል፤ ሴንሰሩም ከእውነተኛው ሩብ ያህል አሳንሶ ይናገራል። ሞተሩ ቤንዚን ያጥረዋል፣ ስካነሩም ፒ0171 የሚለውን ኮድ ያወጣል። ያለ ቱርቦ ይህ ጉልበት ያሳጣል፤ ከቱርቦ ጋር ግን ፒስተን ያቀልጣል። ኮምፒውተሩ ለአዲሱ ስፋት በባለሙያ እስኪስተካከል ድረስ የፋብሪካውን ማስቀመጫ ይዘው ይቆዩ።

ደረጃ 8፦ ትሮትሉንና ማኒፎልዱን ይተዉ

ለመጠነኛ ግፊት የፋብሪካው ትሮትል ይበቃል። ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ከሆነ መገጣጠሚያ መስመሮቹ ያልተሰነጠቁ መሆናቸውን ይመርምሩና ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ብቻ በአዲስ ይተኩ።

ደረጃ 9፦ ትንንሾቹን ቱቦዎች አሁኑኑ ያሰናዱ

ይህ ሥራ ርካሽ ነው፣ ዛሬ ቢሠራም አይባክንም። ከሞተሩ ክዳን የሚወጣው የዘይት ትንፋሽ ቱቦ ከቱርቦው በፊትና ከማፉ በኋላ መግባት አለበት፤ በማኒፎልዱ በኩል ያለው የፒሲቪ ቫልቭ (የሞተሩን ሆድ ጋዝ ወደ ማኒፎልዱ የሚመልሰው) መስመር ደግሞ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ የቱርቦው ግፊት ወደ ሞተሩ ሆድ ገብቶ ዘይቱን በማኅተሞቹ በኩል ያስወጣዋል። የፍሬን ማገዣው ቱቦ ላይ ያለው ቫልቭም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ በአፍዎ ነፍተው ያረጋግጡ። የደረቁና የተሰነጠቁ ቱቦዎችን ሁሉ በዚሁ አጋጣሚ ይቀይሩ።

ደረጃ 10፦ ከገጠሙ በኋላ ይፈትሹ

ሞተሩ ሞቆ ያለ ጭነት ሲሠራ በስካነሩ የነዳጅ ማስተካከያውን መቶኛ (ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ቤንዚን) ያንብቡ። የአጭርና የረዥም ጊዜው ድምር ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከዜሮ ከ10 በመቶ በላይ ከራቀ ዕቃው የሚያሾልክ ወይም ማፉ የተሳሳተ ነው። ዙሩን ወደ 2,500 ከፍ ሲያደርጉ መቶኛው ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሽልከቱን ከትሮትሉ በኋላ ይፈልጉ፤ ከፍ እንዳለ ከቀረ ግን ጥርጣሬዎን ወደ ማፉ ያዙሩ። የደረጃ 3ን የውሃ ልኬትም ይድገሙ፤ አዲሱ ዕቃ ንባቡን ካልቀነሰው ምንም አልጨመረልዎትም።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስሕተቶች

የመጀመሪያው ቱርቦው ሳይመረጥ የኢንተርኩለር ቱቦ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው፤ የቱርቦው አፍና አቅጣጫ ሳይታወቅ የተገዛ ቱቦ መልሶ መቆረጡ አይቀርም። ሁለተኛው ጉልበትን በድምፅ መመዘን ነው፤ ክፍት ፊልትሮ ስለሚጮህ ብቻ መኪናው የፈጠነ ይመስላል፣ የውሃው ቱቦ ግን አይዋሽም። ሦስተኛው ለግፊት መለኪያው፣ ለቱርቦው መቆጣጠሪያና ለመልቀቂያው ቫልቭ ከአንድ ቀጭን አፍ መክፈል ነው፤ ለእያንዳንዱ የየራሱን አፍ ያዘጋጁ፣ በተለይ የማፕ ሴንሰሩን መስመር ከማንም ጋር አያጋሩት።

አራተኛው የፋብሪካውን ሣጥንና ቱቦ መጣል ወይም መሸጥ ነው። ቱርቦው ተገጥሞ አንድ ነገር ሲያስቸግር መካኒኩ መጀመሪያ የሚፈልገው ሞተሩን ወደሚታወቅ ሁኔታ መልሶ ማየት ነው፤ ስለዚህ ፋሼታዎቹን ጨምረው በአንድ ካርቶን ያሽጉና እያንዳንዱ ቱቦ ከየት እንደወጣ በፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፉበት።